የሕማማቱ ኪኒን

ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት

በግድ ነው ያመጣኋት። እማዬ የመደቡን ጠርዝ ይዛ «በፋሲካ ማግስት ቤቴን ዘግቼ የትም አልሄድም» ስትል፣ እኔ ነጠላዋን አውርጄ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት። ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ ታውቃለች። ትንሽ አየችኝና ተነሳች።

ፋሲካን ከእሷ ጋር ልውል ከፍኖተ ሰላም ቅዳሜ ስደርስ፣ ከስታ ባገኛትም አልደነገጥኩም። ሕማማቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የከረመች ሴት ባትደክም ነው የሚገርመው። ትናንት ግን ዶሮውን በልታ ስትነሳ ዞረባትና ምሰሶውን ያዘች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፊቷ አባብጦ፣ የዓይኗ ቆብ ከብዶ አገኘኋት። ሽንቷም ቀንሷል። ይህን ያወቅሁት ነግራኝ ሳይሆን ስለምከታተላት ነው። እማዬ የሚያማትን አትናገርም። ወልዳ በማግስቱ ጎመን ልትቀጥፍ ወጥታ ሰው ሁሉ የተቆጣት ሴት ናት።

ቡሬ መናኸሪያ ብዙ ቆምን። መንገዱ ክፍት ነው ቢባልም ሾፌሮቹ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ድንጋይ ፈልጌ «ተቀመጪ» ስላት «አንቺ ተቀመጭ፤ የደከመሽስ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ፊቷ እንደዚያ አብጦ የምታዝነው ለእኔ ነው።

አሁን ፍኖተ ሰላም፣ ቤቴ ነን። ሁለት ማንኪያ ሾርባ ቀመሰችና ተኛች። ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን።

ማክሰኞ

ሱቄን አልከፈትኩም። ፎቶ ኮፒ የሚፈልግ ሁሉ ዛሬ ይረግመኛል። ይርገመኝ።

ደም ስትሰጥ መርፌውን ትክ ብላ ታየዋለች። ደም የሚቀዳው ወጣት «አይፍሩ እማማ» ቢላት «ማን ፈራ? እጅህ እኮ ነው የሚንቀጠቀጠው» አለችው። ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ተረኛው ሐኪም ወረቀቱን ደጋግሞ አየው። ክሬአቲኒን የሚሉት ነገር ከልኩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ነገሩ ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው አለኝ፤ ኩላሊት እየጠረገ ከሽንት ጋር ያወጣዋል፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይከማቻል። የግፊት በሽተኛ መሆኗን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ግፊት ኩላሊትን ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ቆየት ያለ ሊሆን ይችላል። ነገ የውስጥ ደዌ ሐኪሟ ትያቸው። ከባሰ ወደ ባሕር ዳር መላክ ነው፤ እጥበት ሊያስፈልግ ይችላል።»

ምን ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ጠይቋት ነበር። «የግፊቱን ብቻ» አለች። እኔም ከጎኗ ቆሜ አዎ የግፊቱን ብቻ አልኩ።

እጥበት የሚለውን ቃል ሰማችው። ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ የአጎቷ ልጅ ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ ማሽን ሲመላለስ ኖሮ እዚያው ነው ያረፈው። ሬሳው ነው ወደ አገሩ የተመለሰው።

ለወንድሜ ለጋሻው ደወልኩለት። ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። «ዛሬውኑ ይዘሻት ነይ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮኽኩበት። እማዬ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ቀስ ብላ እንዲህ አለችው፦ «ጋሻዬ፣ አትቆጣ። እንዲህ ከሆነስ ካገሬ አልወጣም። ማርያም ደጃፍ ልሙት። ከዚያ አንስታችሁ ማሽን ሥር እንዳታኖሩኝ።»

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እሷ እምቢ ካለች እምቢ ናት። እሺ ብትል ደግሞ ከአገሯ፣ ከደብሯና ከጓደኞቿ ተነቅላ ሰው አገር መግባቷ ነው። የቱ እንደሚሻል አላውቅም።

ረቡዕ

ዛሬ ያየሁትን ሳልረሳው ልጻፈው።

የውስጥ ደዌ ሐኪሟ ዶክተር መሠረት ትባላለች። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። ገና ስንገባ ተነስታ እስከ ጉልበቷ ዝቅ ብላ የእማዬን እጅ ጨበጠች። ወረቀቱን አየች፣ ግፊቷን ለካች፣ እግሯን ጫን ጫን አደረገች። አልትራሳውንድ ልካን ስንመለስ «ኩላሊቶቻቸው አልተኮማተሩም። የቆየ በሽታ ቢሆን ብዙ ጊዜ ይኮማተሩ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረች።

«እማማ፣ ከግፊቱ ሌላ የሚወስዱት ኪኒን አለ?»

«የለም።»

«በሕማማቱ ውኃ ይጠጡ ነበር?»

ዝም።

«ጾሙንስ በስንት ሰዓት ነበር የሚፈቱት?»

እማዬ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ትፈትላለች። እኔ ደሜ ፈላ። «እማዬ፣ ንገሪያት እንጂ! ኩላሊትሽ እኮ ነው!» አልኩ። ዶክተሯ እጇን ወደ እኔ አነሳች፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ስንት ሰው ዝም ሊያሰኘኝ ሞክሮ አልሆነለትም፣ ለእሷ ግን ዝም አልኩ።

ለምን እንደማትናገር ገብቶኝ ነበር እኮ። በእኛ አገር የጾሙትንና የሰገዱትን መናገር ዋጋ ማጣት ነው። በሰው ፊት የተነገረ ስግደት እንዳልተሰገደ ይቆጠራል። እማዬ ለእኔ ለልጇ እንኳ ስንት እንደሰገደች ነግራኝ አታውቅም፤ ለሐኪም ልትናገር?

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻትና፦

«እሺ እማማ፣ ስለ እርስዎ አልጠይቅም። በእናንተ ደብር በሕማማት የሚሰግዱ እናቶች አሉ አይደል?»

«ኧረ ሞልተዋል።»

«ከእነሱ መካከል ጉልበቷን የሚያማት አንዲት እናት ብትኖር፣ ስግደቱን በምን ችላ ትጨርሰዋለች?»

እማዬ ቀና አለች። ዶክተሯን በደንብ ስታያት ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር።

«አንዲት ሴትዮ አለች» አለች። «ከሐሙስ ማታ እስከ ፋሲካ ሌሊት አክፍላለች።»

«ውኃም ሳትቀምስ?»

«ውኃም። የንስሐ አባቷ ስለ መድኃኒትሽ ውኃ ጠጭ ብለዋት ነበር። ውኃውን የተወችው እሷ ናት።»

«የግፊት መድኃኒቷንስ?»

«እሱንማ አታቋርጭ ብላችኋታል፤ በምራቋ ዋጠችው።»

«ጉልበቷንስ?»

እማዬ በር በሩን አየች። «ጓደኛዋ የጉልበት ኪኒን ሰጠቻት። ደጀ ሰላሙ አጠገብ ሴቶቹ ይሰጣጣሉ። መድኃኒት እኮ አይደለም፤ ለስግደት ነው። ጠዋት አንድ ማታ አንድ። ዓርብ ስግደቱ ሲበዛ ደገመች።»

«አሁንም ትወስዳለች?»

«ዛሬ ጠዋትም ወስዳለች» አለችና ከመቀነቷ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሮዝ ሮዝ ኪኒኖች። ሕመም ማስታገሻ ነው፣ ጠንካራው። ጎኗ ስተኛ ከርሜ አላየሁትም።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። እኔ ብሆን ጣሪያው ይሰማኝ ነበር። «ለዚያች እናት እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ» ብላ ጀመረች። ከግፊት ኪኒኖቿ አንዱ ሽንት የሚያሸና ነው፣ አንዱ የደም ሥር የሚያላላ። ሁለቱም ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። የሕመም ማስታገሻው ግን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ያሳንሳል። ሦስቱ ተገናኝተው፣ ሰውነት ደግሞ ውኃ ሲያጣ፣ ኩላሊቱ የሚያጣራው ነገር ያጥረዋል። በዚያ ላይ ከሁለት ወር ጾም በኋላ የፋሲካ ሥጋ ሲመጣ፣ የበሰለ ሥጋ ብቻውን ያንን የክሬአቲኒን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል። ኩላሊትን ሳይነኩ ቁጥሩን ብቻ ከፍ የሚያደርጉ መድኃኒቶችም አሉ አለች። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ኩላሊት ሞተ አይባልም፤ ምን እንደተዋጠ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«እና ትድናለች?» አለች እማዬ።

«አልምልልዎትም። ግን በጊዜ የመጣች ይመስለኛል። ሰኞ ደሟን እንደገና እናየዋለን።»

ስንወጣ እማዬ ኮሪደሩ ላይ «የማን ልጅ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። የቄስ ልጅ ትሆናለች አልኳት። «ታዲያሳ» አለች።

ወድጃታለሁ ይህችን ሐኪም። እናቴን ሳታዋርድ ያወጣችላትን ነገር እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በጩኸት ማውጣት አልቻልኩም።

ሐሙስ

የታዘዘው ይህ ነው፦

የጉልበቱ ኪኒን ፈጽሞ ቀረ።
የሚያሸናው ለጊዜው ቆመ።
ሌላኛው የግፊት ኪኒን በሌላ ተቀየረ። በራሷ ፈቃድ የግፊት መድኃኒት እንዳታቆም፤ ይህን ዶክተሯ ደጋግማ ተናግራለች።
ውኃ፣ ቀስ እያለች።
ከሰኞው ምርመራ በፊት ሥጋ የለም።

ውኃውን የምትጠጣው እንደ ጸበል ነው፤ አማትባ፣ ፉት ብላ፣ አስቀምጣ። «እማዬ፣ ጠጪው እንጂ፣ አትሳለሚው» አልኳት። «አንቺ አፍሽን ያዥ፣ እኔ ውኃዬን ልያዝ» አለችኝ።

ጉልበቷ ግን እያመማት ነው። ከአልጋ ስትነሳ ትንፋሿን ትይዛለች። ዶክተሯ የፈቀደችላትን ቀላሉን ማስታገሻ ሰጠኋት፤ ሞቅ ባለ ፎጣ አሸሁላት። ጉልበቷን ሳየው የተሰገደው ስግደት ሁሉ እዚያ ቆዳ ላይ ተጽፏል። ዓመት ቆጥሮ የደነደነ ቆዳ። አቀርቅሬ ሳሸው ሳምኩት። ምን ሆነሽ ነው አለች። ምንም አልኳት።

ጋሻው ደውሎ «ኪኒን ነው ትለኛለሽ? በኪኒን ማን ኩላሊቱን ያጣል?» አለ። አስረዳሁት። «እኔም ለወገቤ እሱኑ ነው የምውጠው» አለ። ዶክተር ጠይቅ አልኩትና ዘጋሁ።

ዓርብ

ፍርሃት ብቻ የዋለበት ቀን። ሱቅ ከፍቼ ዋልኩ፤ የተማሪ ወረቀት ገልብጬ አትሜ አንዱ ተመልሶ መጣ።

ሽንቷ ጨምሯል፣ ወይስ እኔ እንዲጨምር ስለፈለግሁ ነው? ፊቷ ትንሽ ጎድሏል፣ ወይስ ብርሃኑ ነው? ቁጥሩ ባይወርድስ? እሷ ባሕር ዳር አልሄድም ስትል እኔ ምን እላታለሁ? ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥዬ የማነሳት ነገር አይደለም ይሄ።

ጠይቄያት ነበር። «ቁጥሩ ባይወርድ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኩ።

«ቤቴ እገባለሁ።»

«እኔስ?»

ፀጉርሽን ልሥራልሽ ነይ አለችኝ። ቁጭ ብዬ ተሠራሁ። ያለቀስኩትን አይታም ይሁን ሳታይ፣ ሹሩባውን ጨረሰችልኝ።

ቅዳሜ

ጎረቤቴ የፋሲካ ቅልጥም ይዛ መጣች። እማዬ በሃምሳው ቀን ሽሮ ስትበላ አገኘቻትና ደነገጠች። በዓይኗ ወቀሰችኝ፤ እናቷን በፋሲካ በሽሮ የምታኖር ቋጣሪ ሆኛለሁ። ላስረዳ ስል እማዬ ቀደመችኝ። «እኔ ነኝ ያልኩ የኔ ልጅ፤ ሽሮው ናፍቆኝ ነው» አለቻት። ሁለት ወር ሽሮ የበላች ሴት ሽሮ ናፈቀኝ ትላለች! ጎረቤቴ ከሄደች በኋላ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከመጣች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ዛሬ ገና ነው።

እሑድ፣ ዳግም ትንሣኤ

ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። በሃምሳው ቀን ስግደት ስለሌለ እግዜር ይስጥልኝ፤ ባይሆን ኖሮ ከእሷ ጋር ግብግብ ነበር። ስንመለስ ዳገቱን ሳታርፍ ወጣችው። እግሯ አላበጠም። ይህኛው ብርሃኑ አይደለም።

ሰኞ

ወርዷል!

ጨርሶ ልኩ አልገባም፤ ከልኩ ጥቂት ከፍ ይላል። ግን ወርዷል። ዶክተር መሠረት ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ፈገግ ስትል፣ ከመናገሯ በፊት ገባኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ባሕር ዳር የለም። ማሽን የለም። ከወር በኋላ እንደገና ይታያል፣ ምናልባት ጨርሶ ይመለሳል፤ ባይመለስም በዚህ ልክ ቤቷ ትኖራለች። ያ የሕመም ማስታገሻ ግን ሁለተኛ አይነካም። አክፍሎቱንም ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ፣ ውኃውን እንዳትተው።

እማዬ መረቀቻት። ረጅም ምርቃት ነው፤ ውጪ ወረፋ የያዙት ሁሉ አሜን ሳይሉ አልቀረም። እኔ ልወጣ ቦርሳዬን ስይዝ እሷ አልተነሳችም።

«ልጄ፣ ያቺ ኪኒኑን የሰጠችው ሴት እሷም የግፊት ትውጣለች። እሷም ለስግደቱ ወስዳለች። ምን ትሆናለች?»

ዶክተሯ ፈገግታዋ ጠፋ። «ምርመራ ያስፈልጋታል። ደህና ልትሆን ትችላለች፤ ግን ሳትታይ መቆየት የለባትም። ሌሎችም ካሉ እንዲሁ።»

ኪኒኑን የሰጠቻት እቴ አንጓች መሆኗን ሳትነግረኝም አውቃለሁ። ከልጅነት ጀምሮ አብራት ውኃ የወረደች፣ በአንድ ቀን ያገባች ጓደኛዋ።

«ስልክ ልደውልላት?» አልኳት ቤት ስንደርስ።

«ይኸ በስልክ አይነገርም» አለች። «ረቡዕ ጽዋ አለብን። ውሰጅኝ።»

ረቡዕ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ እማዬ ቤት

የጽዋው ተራ የእቴ አንጓች ነበር፤ እሷ ቤት ተሰበሰብን። ሴቶቹ እማዬን ሲያዩ እልል አሉ፤ ምን ሆንሽ ቢሏት «ድካም ነው፣ አለፈ» አለች። ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው ዞሮ፣ እሳቸው ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። ወሬ ደራ። በቃ አትናገርም አልኩ። ተነሳች።

እማዬ በሰው ፊት ቆማ ስትናገር አይቼ አላውቅም።

«እኅቶቼ፣ ስሙኝማ። እኔ ከሐሙስ እስከ ፋሲካ ሌሊት ውኃ አልቀመስኩም። ዓርብ ጉልበቴ እንቢ ሲለኝ በኪኒን ነው የሰገድኩ። ያ ኪኒን ከግፊቱ መድኃኒት ጋር ተደርቦ ኩላሊቴን ሊገድለው ነበር። በደሜ ታይቷል። እናንተም የወሰዳችሁ አላችሁ። ሂዱና ታዩ።»

አንዳንዶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያስደነገጣቸው ኩላሊቱ ብቻ አልነበረም፤ እማዬ የጾሟንና የስግደቷን ነገር በአደባባይ መናገሯ ነው።

እቴ አንጓች ፊቷ ተቀያየረ። «እኔ ነኝ የሰጠሁሽ። ክፉ ላደርግብሽ ብዬ ነው?»

«ስታዝኝልኝ ነው እንጂ የሰጠሽኝ። ተቀይሜሽ መስሎሽ? ነገርሽ ነው እንቅልፍ ያሳጣኝ። አንቺም እንደኔው የግፊት ትውጫለሽ፣ አንቺም እንደኔው ሰግደሻል። አትንገሪኝ፣ አውቃለሁ።»

ጥግ ላይ የተቀመጡ አሮጊት ራሳቸውን እየነቀነቁ «ምነው ልጄ፣ ዋጋሽን እኮ አፈሰስሽው» አሉ።

«ይፍሰስ» አለች እማዬ። «አንጓች ከምትሞት እሱ ይፍሰስ።»

ቁጭ አለች። እጇን ያዝኩት። ይህች ሴት ጉልበቷን፣ ውኃዋን፣ ኩላሊቷን ሳይቀር የሰጠችለትን ነገር ነው አሁን ለጓደኛዋ የጣለችው። እኔ ይህን ማድረግ እችል ነበር? አይመስለኝም። እናቴ በመሆኗ ኮራሁ።

እቴ አንጓች ሰው ሁሉ እስኪወጣ ዕቃ ስታነሳ ቆየች። ከዚያ አጠገቤ መጥታ፣ እማዬን ሳታይ፣ «ሰሞኑን እግሬ ያብጣል» አለችኝ። «ይኸ ደም ቡሬም ይታያል?»

ይታያል አልኳት። ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ምን እንደሚወጣ አላውቅም፤ እግሯን አይቼዋለሁ፣ ከእማዬ ይብሳል፣ ፈርቻለሁ። እማዬም አብሬያችሁ እሄዳለሁ ብላለች። አርፈሽ ተኚ አላልኳትም።